ዱካ ተረካቢዎቹ

ይህን ከመንገድ ወሬ ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ... የሆነ ነው።

ቀኑ ሐምሌ ሃያ፣ ዘመኑ 1977፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ቦታው ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለችው መንደራችን። ሌሊት አልነበረም፤ ጨለማም አልነበረም። ክረምት ስለሆነ ጉም ነበር እንጂ ቀን ነው። ሰው በቀን ምን ያስፈራዋል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር እስከዚያ ጊዜ ድረስ እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

የማያምን ይተወው። እኔ ግን አጥር ለአጥር የምጎራበተው ሰው ላይ የደረሰ ነውና ልተወው አልቻልኩም።

ሰውየው ኑርሁሴን ይባላል።

ኑርሁሴን ሰላምታ ይወዳል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ የማይወድ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል። የሱ ግን ለብቻው ነው። መንገድ ላይ ካገኘህ አለቀልህ። ከአንተ ይጀምራል። ወደ ሚስትህ ይሄዳል፣ ወደ ልጆችህ፣ ወደ እናትህ፣ ከዚያ ወደ ላምህ ይወርዳል። ጥጃዋን ጠይቆ ሲጨርስ ወደ ጎረቤትህ ይሻገራል። ገበያ የሚቸኩል ሰው ኑርሁሴንን ከሩቅ ካየ በማሳ ነው የሚያቋርጥ።

ሚስቱ ኡሙሰልማ እንኳ ታሾፍበት ነበር። መልአከ ሞት ቢመጣ ቤተሰቡን ጠይቆ ሳይጨርስ አይሄድለትም ትላለች።

ሲጠየቅም እንደዚያው ነው። "እንዴት ነህ" ላለው ሰው የቤቱን፣ የጎረቤቱን፣ የከብቱን ደህንነት አንድ በአንድ ተናግሮ፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ነው የሚዘጋው። ሳይመልስ ያለፈው ጥያቄ የለም።

እንስቅበት ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ሌላ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ድርቁ ከብቱን ጨርሶታል። ለኑርሁሴን አንድ በሬ ቀርቶለታል፤ ዳልቻ። ለጎረቤቱ ለባዬም አንድ በሬ ቀርቶለታል፤ ቦራ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሁለቱ ተቀናጅተው፣ ዳልቻንና ቦራን ባንድ ቀንበር ጠምደው፣ አንድ ቀን የአንዱን ማሳ፣ አንድ ቀን የሌላውን ያርሳሉ።

ባዬ ክርስቲያን ነው። ኑርሁሴን እስላም ነው። በሬዎቹ ይህን የሰሙ አይመስሉም፤ ጎን ለጎን ካልቆሙ ሣር አይነጩም ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ተናግሯል። ዝናቡ መጥቷል፤ ነሐሴ ሳይገባ መሬቱን ያላረሰ፣ በሬ የሌለው፣ አቅም ያጣ... ሰፈራ ይሄዳል።

ሰፈራ ማለት መኪና ላይ ተጭኖ ወንዙንም ሰዉንም ወደማያውቁት አገር መሄድ ነው። ጥር ላይ ከመንደራችን ከተጫኑት መካከል የኡሙሰልማ እህት ከነልጆቿ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አልመጣም። ከአንዳቸውም አልመጣም።

ስለዚህ ዳልቻ በሬ ብቻ አልነበረም። ዳልቻና ቦራ አንድ ላይ እስካሉ ድረስ ሁለት ቤት ይቆማል። አንዱ ከጠፋ... ሁለቱም ቤት ይጫናል።

በዚያ ቀን ኑርሁሴን ዳልቻን ሐይቁ ዳር ችካል ላይ አስሮ ዙሁር ሊሰግድ ዞር አለ። ሩቅ አልሄደም። እየሰገደ የዳልቻ የሣር ንጨት ይሰማው ነበር።

ጭርት... ጭርት...

ሰላቱን አሰላምቶ ጨርሶ ተነሣ።

ድምፁ አሁንም አለ። ጭርት... ጭርት...

በሬው ግን የለም።

ባዶው ሣር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ድምፁ ትንሽ ቆየና እንደደከመው ሰው ቀስ እያለ ተወ።

ገመዱ አልተቆረጠም። ተፈትቶ፣ ልብስ እንደሚታጠፍ ተጣጥፎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ውሻው እዚያው አጠገብ ጋደም ብሏል። አልተኛም፤ ዓይኑ ክፍት ነው። አልጮኸም። ጅራቱን ይቆላ ነበር... ማንም ወደሌለበት፣ ወደ ጉሙ።

በኛ አገር ከብት ሲሰረቅ ሥርዓት አለ። የመንግሥት አይደለም፣ የጥንት ነው። ዱካው የገባበት አገር ዱካውን የማስወጣት ዕዳ አለበት። "እኛ ዘንድ አልቀረም፣ ይኸው ወጥቷል" ብሎ ለሚቀጥለው አገር ሰው ያስረክባል። ያም ተረክቦ ለሚቀጥለው። ማስወጣት ያቃተው አገር በሬውን ይተካል። ባለቤቱ ዱካ እንዳያበላሽ ከፊት አይሄድም። ከኋላ ይከተላል፤ የሚጠየቀውን ይመልሳል።

ባዬ አብሬህ ልሂድ ብሎ ነበር። ኑርሁሴን እንቢ አለ። ቦራን ጥለህ እንዳትነቃነቅ፣ አንዱ እንኳ ይኑረን ብሎ ለመነው። ባዬ ቆሎ ቋጠረለትና እስከ መንደሩ ጠርዝ ሸኘው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑርሁሴን ራሱ ነው ያወራኝ፤ አንዴ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወሰኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ከሣር የተሠራ የዝናብ ገሳ ለብሰዋል። ዱላቸውን ይዘዋል።

ማንም ገና አልጠራቸውም።

ስሜ ዘይኑልአቢዲን ነው፣ የወዲያ ማዶው ዱካ ተረካቢ ነኝ አሉት። አይቷቸው አያውቅም። ግን ርሃቡ ሰውን ሁሉ አዟዙሮታል፣ ዘንድሮ ማን ማንን ያውቃል አለ በሆዱ።

ደግሞም ሰውየው ሰላምታ ያውቃሉ።

እንዴት ያለ ሰላምታ! ስለ ሚስቱ ጠየቁት። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ዝናቡ። ኑርሁሴን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እኩያውን አገኘ። በሬ የጠፋበት ሰው መሆኑን ሁሉ ለትንሽ ጊዜ ረሳው። ዳልቻ ከማን ጋር ነው የሚጠመደው አሉት፤ ነገራቸው። ባዬ ደህና ነው? ደህና ነው። ቦራስ? ቦራም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ባዬ ቤተ ክርስቲያን ይስማል? ይስማል እንጂ አያ፤ ነገ ማርያም ናት፣ በጠዋት ይሄዳል። ሚስቱስ? ተሾመችም አብራው ትሄዳለች። ለቤቱ ውሻ አላቸው? ነበራቸው፣ በድርቁ ሞተ። አይ... አላህ ይተካላቸው አሉ ሽማግሌው።

አሚን አለ ኑርሁሴን።

ሁሉም የደግ ሰው ጥያቄ ነበር። የጎረቤቱን በዓል እንደራሱ በዓል የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ብቻ...

ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ ወደ መሬት አላዩም። ዱካ ተረካቢ ናቸው፤ ዱካውን ግን አላዩትም። ፊታቸውን ወደ ኑርሁሴን አዙረው የኋሊት ነበር የሚራመዱት። በጭቃው፣ በድንጋዩ፣ በገደሉ አፋፍ። እግራቸው አንድም ጊዜ አልተደናቀፈ።

ሐይቅ ከተማ ሊገቡ ሲሉ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሁለተኛው ሰው ቆሞ ነበር። ጎልማሳ ነው። እሱም ገሳ ለብሷል።

ሽማግሌው ቆሙ። ጎልማሳውም ቆመ። ተያዩ።

ሰላም አልተባባሉም።

ይህን ለሌላ አገር ሰው ብነግረው ምን አለበት ይላል። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ሁለት የወሎ ሰዎች፣ ከተጎራባች አገር መጥተው፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው... ዝም?

ኑርሁሴን ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ነገር ሲወርድ ተሰማው። ዝናብ ነው አለ።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ሳሉ። ጎልማሳው መልሶ ሳለ። ያ ብቻ። ሽማግሌው ዞረው እንደመጡ ሄዱ። ያን ያህል ሲጠያይቁት የዋሉ ሰውዬ ደህና ሁን እንኳ አላሉትም።

ጎልማሳው ግን ፈገግ አለለት።

"አይዞህ... ዳልቻ ደህና እየሄደ ነው።"

ኑርሁሴን የበሬውን ስም ለዚህ ሰው አልነገረውም።

ከከተማው መውጫ ኬላ አለ። በዚያ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከኬላ ማለፍ ቀልድ አልነበረም። ኑርሁሴን ወረቀት የለውም፤ በሬ ሲጠፋ ማን ወረቀት ያስጽፋል? ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቦ ወደነሱ መጣ። ጎልማሳው ሳለ።

ጠባቂውም ሳለ።

የኬላውን ገመድ አነሣላቸው። ሲያልፉም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ ኑርሁሴን መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ዝናቡ መንገዱን ሁሉ እያጠበው ነው። የሰው እግር፣ የበቅሎ ኮቴ፣ የመኪና ጎማ... ሁሉም ጭቃ ሆኖ ጠፍቷል። የዳልቻ ኮቴ ብቻ እንዳለ አለ። ጥርት ብሎ። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከተተበት።

ደረቅ ነው።

ሌሊቱን የማያውቀው ቤት አደሩ። የቤቱ ሰዎች እራት አቀረቡለት፣ መደብ አነጠፉለት። እስኪነጋ ድረስ ግን አንዳቸውም ፊታቸውን አላሳዩትም። እንደ ኬላው ጠባቂ፣ ወደ ግድግዳ ዞረው ነበር የተቀመጡት።

ሲነጋ ውጫሌን አለፉና የአምባሰል ግርጌ ደረሱ። ተራራው ከወገቡ በላይ ጉም ውስጥ ነው። ጎልማሳው ሳለ። ከጉሙ ውስጥ ሳል መለሰለት።

ሦስተኛዋ ተረካቢ ሴት ናት።

ኑርሁሴን ሴት ዱካ ስትረከብ አይቶ አያውቅም። ግን ልማድ ነውና ሰላም አላት። አልመለሰችለትም። ደግሞ ሰላም አላት። እርምጃዋን አፈጠነች። ልጆች ደህና ናቸው ወይ ብሎ ሲጀምር ጉሙ ወፈረና ጎልማሳው ከኋላቸው ጠፋ። ያኔ ሴትየዋ ቆመች። ሳትዞር፣ በሹክሹክታ ተናገረች።

"ምንም አትጠይቀኝ። ማንም ሲጠይቅህም አትመልስ።"

"ምነው እቴ?"

"እኔም በሬዬን ፍለጋ ነው የመጣሁ።"

"መቼ ጠፋብሽ?"

"አምና።"

ስሟ ሐቢባ ነው። እየሄደች፣ አፏን በገሳዋ ሸፍና፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገች ነገረችው። አንዱ የሚሰረቀውን በሬ ይጠቁማል። ሌላው ይፈታል። ሌላው ይነዳል፣ ሌላው ያሳድራል፣ ሌላው ኬላ ያሻግራል። አንዱ የሌላውን ስም አያውቅም። የሚያውቀው የሚቀጥለውን ሰው ሳል ብቻ ነው። ተይዞ ቢገረፍ እንኳ የሚያወጣው ስም የለውም። በባቲ በኩል የሚወርዱ ሌሎች አሉ፣ በወልድያ በኩል የሚወጡ ሌሎች አሉ። የዚህ አገር በሬ ለነዚያ ይሰጣል፣ የነዚያ ለዚህ። ተጣልተው አያውቁም፤ ሳይተዋወቁ በምን ይጣላሉ?

አለቃችሁ ማን ነው አላት።

"አላየሁትም። ያየውንም ሰው አላየሁም።"

ከዚያ ደግሞ የባሰውን ነገረችው። ከመካከላቸው ሌባ ሆኖ የጀመረ የለም። ሽማግሌውም፣ ጎልማሳውም፣ ኬላ ጠባቂውም... ሁሉም በሬ የጠፋባቸው ሰዎች ነበሩ። ዱካ ተከትለው መጡ። በሬህን ውሰድ፣ በምትኩ አንድ በሬ ጠቁም ተባሉ። ልጆቻቸውን አስበው ጠቆሙ። ከዚያ ወዲህ መውጫ የለም።

ኑርሁሴን በአላህ ስም ማለ። ወላሂ፣ ከነቤተሰቤ ብጫን የሰው በሬ አልጠቁምም አለ።

ሐቢባ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረችና አየችው።

"ከወሰናችሁ ጀምሮ... ሰላም ሲሉህ መለስክላቸው?"

"ሰላምታ ነው እኮ።"

"ስለ ጎረቤትህ ጠየቁህ?"

ኑርሁሴን ወደመጣበት መንገድ ዞሮ አየ።

ሐቢባ ገሳዋን ፊቷ ላይ ጎተተችና መንገዷን ቀጠለች።

ገደሉ ሥር ሰፊ ዋሻ አለ። ውስጡ በሬ ሞልቷል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ዳልቻ፣ ቦራ... ከስንት አገር የመጣ። አንድም የሚያገሣ የለም። አንድም ጆሮውን የሚያራግፍ የለም። ሁሉም ወደ ኑርሁሴን ዞረው ቆመዋል።

ከበሬዎቹ ፊት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። የሚታየው ገሳቸው ብቻ ነው። ገሳው ውስጥ ሰው መኖሩ የሚታወቀው ሲያስሉ ነው።

"እንኳን ደህና መጣህ። ያውልህ በሬህ። ውሰድ።"

ማን እንደተናገረ አላወቀም። ዳልቻ ግን እውነትም እዚያው ነበር።

"ማንንም አልጠቁምም" አለ ኑርሁሴን።

"ጠቁመሃል።"

"አልጠቆምኩም!"

ከገሳዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና መናገር ጀመረ።

"ባዬ ደህና ነው። ቦራም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ይስማል እንጂ አያ፤ ነገ ማርያም ናት፣ በጠዋት ይሄዳል። ተሾመችም አብራው ትሄዳለች። ውሻ ነበራቸው፣ በድርቁ ሞተ።"

ድምፁ የራሱ የኑርሁሴን ድምፅ ነበር። አነጋገሩ ሳይቀር። ሲደሰት የሚያመጣት ሳቅ ሳትቀር።

"አሚን" አሉ ገሳዎቹ ሁሉ፣ ባንድ አፍ።

ያኔ ትዝ አለው። ነገ ያለው ዛሬ ነው። ማርያም ዛሬ ናት።

መሬት ላይ ተደፋ። ዳልቻን አልፈልግም፣ ዳልቻን ውሰዱትና ቦራን ተዉልኝ ብሎ ለመነ። ልጆቹን እየጠራ ለመነ። ያለ ቦራ ዳልቻ ምን ያደርግልኛል፣ ሁለት ቤት ነው የምታጠፉት አለ።

"በቦራ ፋንታ ምን ትሰጣለህ?"

የሚሰጠው ነገር የለውም። አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ገሳዎቹም እሱን ነው የሚጠብቁት። ኑርሁሴን ኡሙሰልማን አሰበ፣ ትንሿን ልጁን አሰበ።

እኔን ውሰዱኝ ማለት ግን አቃተው።

"እንግዲያው በሬህን ንዳ" አለው የራሱ ድምፅ።

ቁልቁለቱን ዳልቻን እየነዳ ወረደ። መንዳት ነው እንዳይባል በሬው ከሱ ይቀድማል፤ ወይ ደግሞ ይቆማል። ልቡ ባዬ ዘንድ ደርሷል፣ እግሩ አልደርስ አለው። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ያን ሁሉ መንገድ የመጣለትን በሬ መንገድ ዳር ጥሎ ሮጠ። ሮጠ። የእርዳታ እህል አራግፎ ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና አገኘና ሹፌሩን እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው።

መንደር ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።

ተሾመች ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃለች።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቦራ አልነበረም። ባዬ ወዲያው ዱካውን ተከትሎ ወጣ፤ እሷም እስከ ወሰኑ ሸኘችው። ወሰኑ ላይ አንድ ገሳ የለበሱ ሽማግሌ ተረከቡት አለች። እንዴት ያሉ ደግ ሰው... የቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ ነበር የጠየቁት።

"መለሰላቸው?" አለ ኑርሁሴን።

ተሾመች አሰበች። "አልመለሰም። ምን እንደነካው እንጃ... ዝም አላቸው።"

ኑርሁሴን ወደ ግቢው ገባ። ዳልቻ ቆሟል። ውጫሌ መንገድ ላይ የጣለው በሬ፣ ከመኪና ቀድሞ፣ ችካሉ ላይ ታስሮ ቆሟል። ዝናቡ እየጣለ ጀርባው ላይ ጠብታ የለም። አንድ ጨዋ ሰው አመጣው አለች ኡሙሰልማ፤ ፊቱን ግን በደንብ አላየሁትም አለች።

ባዬን ፍለጋ ወዲያው ወደ ወሰኑ ተመለሰ። ዱካ የለም። ጭቃ ብቻ ነው። ስሙን እየጠራ እስከ ሐይቁ ድረስ ወረደ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። ሽማግሌውን፣ ኬላውን፣ ዋሻውን። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ በጥሞና አዳመጠው። ሲጨርስ አንገቱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሳለ።

ኑርሁሴን ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ተወ። መንገድ ላይ ሲያየን በማሳ የሚያቋርጠው እሱ ሆነ። እኛም መጀመሪያ ሳቅን፤ ኑርሁሴን እንኳ ዝም ሊል ቻለ አልን። በኋላ አልሳቅንም። ሌሊት ሌሊት ኡሙሰልማ ስታለቅስ ይሰማን ነበር። ዳልቻን ከኔ ደካማ ጊደር ጋር ሊጠምደው ሞከረ። በሬው ከቀንበሩ ሥር ተኛ፤ ቢደበድቡትም አልተነሣ። ከጎረቤትም ቀንበር የሚሸከም በሬ ያለው አልነበረም። ሐምሌ እያለቀ ነው። መኪኖቹ ሐይቅ ከተማ ደርሰዋል የሚል ወሬ መጣ። ኡሙሰልማ ዕቃዋን መቋጠር ጀመረች፤ ተሾመችም።

ሐምሌ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በቀትር፣ ባዬ መጣ።

እኔ አጥሬን እያጠበቅሁ ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ብቻውን ነው የመጣው። በሬ የለም። ልብሱ ደህና ነው፣ አካሉ ደህና ነው። ፊቱ ግን እንደ ታጠበ ሰሌዳ ሆኗል። ሚስቱ እየጮኸች ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አላቀፋትም። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ዳልቻን ነበር የሚያየው።

ኑርሁሴን ከቤቱ ወጣ። እፊቱ በጉልበቱ ወደቀ።

"እኔ ነኝ ባዬ። ሳላውቅ... እኔ ነኝ የጠቆምኩብህ።"

"አውቃለሁ።"

"አንተስ? ማንን ጠቆምክ?"

"ማንንም።"

"ታዲያ እንዴት ለቀቁህ?"

ባዬ ቀንበሩ ከተደገፈበት አጥር ሄዶ አነሣው። ተሸክሞ ወደ ማሳው ሄደ። ዳልቻ ማንም ሳይፈታው፣ ማንም ሳይነዳው፣ ተከተለው።

ኑርሁሴንም ሞፈሩን ይዞ ተከተለ። ምን ሊያደርግ? ከመንደሩ ወዲያ መኪኖቹ ሲያጓሩ ይሰማል።

ባዬ የቀንበሩን አንድ ጎን ዳልቻ ላይ አደረገ። ማነቆውን አጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ አለና በሌላው ጎን፣ በቦራ ቦታ፣ አንገቱን አስገባ።

"ተው..." አለ ኑርሁሴን።

"ንዳ።"

"ወንድሜ... በአላህ..."

"ንዳ። ቀን አልቋል።"

ኑርሁሴን እርፉን ጨበጠ። እያለቀሰ ነበር። ጅራፉን ግን አላነሣም፤ አላስፈለገውም። ሁለቱ እኩል ተነሡ። እኩል ረገጡ። ማረሻው ያን እርጥብ መሬት እንደ ቅቤ ሰንጥቆት ሄደ። ቀንበሩ ወደ አንድ ጎን እንኳ አላዘነበለም። ሰው ከበሬ ጋር ተጠምዶ ቀንበር እንዴት እኩል ይሆናል?

በዚያ ቀን የባዬን ማሳ ጨረሱ። በማግስቱ የኑርሁሴንን። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየ፤ የታረሰ መሬት ነው፣ ምን ይላል? መኪኖቹ ሌላ ሰው ጭነው ሄዱ። ሁለቱም ቤት ቀረ።

እኔ የማልረሳው ግን ያንን የመጨረሻውን ትልም ነው።

ጨርሰው ማሳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ኑርሁሴን እየሮጠ ሄደና ማነቆውን ፈታ። ቀንበሩን ከባዬ አንገት ላይ አነሣ። ና እንግዲህ፣ በቃን፣ ቤትህ ግባ አለው። ባዬ አልተንቀሳቀሰም። እንዳጎነበሰ ቀረ። ዳልቻ ጠጋ አለውና ምላሱን አውጥቶ አንገቱን፣ ጆሮውን ይልሰው ጀመር። ቀስ ብሎ። ቦራን ይልስ እንደነበረው።

ኑርሁሴን የባዬን አገጭ ይዞ ቀና አደረገው።

ባዬ እያመሰኳ ነበር።